ባለአንድ ሶፋዬ የጅማን ክረምት እንዴት ቻለው? የጨርቅ ምርጫ ከወራት በኋላ

ጅማ ላይ ሶፋ የሚያሠራ ሰው ቀለም ከመምረጡ በፊት «ይህ ጨርቅ ቶሎ ይደርቃል?» ብሎ ይጠይቅ። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ውሎ አድሮም አይደርቅም። ሶፋ ደግሞ ገመድ ላይ አይሰጣ ነገር።

የኔው ባለአንድ ሶፋ ዋንዛ ነው። ክንዶቹ እንጨታቸው እንደተገለጠ ነው፤ የመቀመጫው ትራስ ይነሳል። እዚሁ ጅማ ነው ያሠራሁት። በእንጨት ሥራ ጅማ አይታማም፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለሦስት እግር በርጩማ ያየ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም። ክረምቱን ጨምሮ በየቀኑ ተቀምጠንበታል፤ ንቅንቅ አላለም።

ወሬው ያለው ልብሱ ላይ ነው። ፖሊስተር የበዛበት፣ ትንሽ ጥጥ ያለበት፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ግራጫ ጨርቅ መረጥኩ። ሶፋ አልባሹ መጀመሪያ ያቀረበልኝ ግን ሌዘር ነበር። «እህቴ፣ ይሄ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለመወልወል የሚመቸውን ያህል የሚመች የለም። ግን ቁራጩን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ሹራብ የመሰለ ስስ ጨርቅ ነው፤ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ተለጥፎበታል። የእውነት ቆዳ ጀርባው ቃጫ ቃጫ ይላል፣ ሲዳስሱትም ይሻክራል። ሻጭ ምንም ቢላችሁ ገልብጣችሁ እዩ።

ሰው ሠራሹ ሌዘር ላዩ ብዙ ጊዜ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ሽፋን እርጥበትና ሙቀት ሲበዛበት ውስጥ ውስጡን ይፈርሳል። ሁለት ሦስት ዓመት እንደ አዲስ ያብለጨልጭና አንድ ቀን ክንዱ ጋ መላጥ ይጀምራል። ከተላጠ ደግሞ መላ የለውም፤ ልብስ ላይ እየተለጠፈ ያልቃል። ፒቪሲ የሚባለው ሌላ ፕላስቲክ የሆነው እንዲህ ቶሎ አይላጥም፣ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለቱም አየር አያስገቡም። የጎረቤታችን ሶፋ ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ በክረምት ጀርባውን ሻጋታ ያለብሰዋል፤ በየጊዜው በኮምጣጤ ስትጠርገው አያታለሁ።

የተፈጥሮ ቆዳ ያማረኛል፣ አልክድም። ያገራችን የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት ስሙ የታወቀ ነው። ለመቀመጫ የሚሆነው ግን ወፈር ያለውና ሰፊው የከብት ቆዳ ነው። እሱም ቢሆን በኛ እርጥበት ሻጋታ ይወዳል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግና የቆዳ ቅባት መቀባት ይፈልጋል። ዋጋውን ደግሞ አታንሱት።

ከፋይስ? ሳሎን ሲገቡ ከፋይን የሚያህል የለም። ግን ፀጉር አለው፤ በአንድ ጎን ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ በሌላው ይጠቁራል። የተቀመጡበት ቦታ ይተኛል። ቪስኮስ ከሚባለው ክር የተሠራው ውኃ ሲነካው ምልክት ይይዛል፤ የፖሊስተሩ ይሻላል። እኔን ያስቀረኝ ግን ቀዩ አፈራችን ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ሆኖ በልጆች እግር ይገባል። ከከፋይ ፀጉር ውስጥ እሱን ማውጣት ሥራ ነው።

ወደ መረጥኩት ልመለስ። ጥጥ እርጥበት ይመጥጣል፣ ፖሊስተር ግን ውኃ እምብዛም ወደ ውስጥ አያስገባም። የፖሊስተሩ መብዛት ክረምት ላይ በደንብ ታየኝ። የመቀመጫውን ልብስ ዚፕ ከፍቼ አወጣሁት፣ አጠብኩት፣ ማታ ቤት ውስጥ ሰጥቼ በማግስቱ አለበስኩት። ሰፊው ከመቁረጡ በፊት ጨርቁ ታጥቦ እንዲደርቅ አድርጌ ስለነበር አልሸበሸበም፣ አልጠበበምም። ጥጥ ያለበት ጨርቅ ታጥቦ ካልተሰፋ መጀመሪያ እጥበት ላይ ይሰበሰብና ስፖንጁን አላስገባም ይላል።

ቡናም ፈስሶበታል፤ ጅማ ተቀምጦ ቡና አይፈስም የሚል የለም። አክስቴ ሁለተኛውን ስኒ ክንዱ ላይ አስቀምጣ ወሬ ስትይዝ ተገለበጠ። ሁሉም ሰው ማሸት ይቀናዋል። ሲያሹት ቡናው ወደ ድሩ ውስጥ ይገባል። ደረቅ ነጭ ጨርቅ አድርጌበት ጫን፣ ነሳ፣ ጫን፣ ነሳ አደረግኩት፤ ነጩ ጨርቅ ቡናውን ጠጣው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና። ዛሬ የት እንደነበር አላገኘውም።

የከበደው ቅቤ ነው። እናቴ ቅቤ ተቀብታ ደገፍ ስትል መደገፊያው ላይ ጥቁር ክብ ወጣ። ፖሊስተር ውኃ ባይወድም ቅባት ይወዳል። የሕፃን ፓውደር ነስንሼ አሳደርኩት፣ ጠዋት ጠርጌ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነካ ነካ አደረግኩት። ቀለለ እንጂ አልጠፋም። አሁን ዳንቴል ጣል አድርጌበታለሁ። እናቶቻችን ሶፋ ላይ ዳንቴል የሚያለብሱት ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ሌሎች ቅሬታዎችም አሉኝ። መቀመጫው ፊት ለፊት፣ እግር የሚታከክበት ጠርዝ ላይ፣ ትንንሽ እንክብሎች አውጥቷል፤ የተደባለቀ ክር ያለበት ጨርቅ ይህ አመል አለው። በምላጭ ቀስ ብዬ አነሳቸዋለሁ። በመስኮቱ በኩል ያለው ጎን ትንሽ ስለነጣ ትራሱን እያገላበጥኩ ነው። የካቲትና መጋቢት ከሰዓት ላይ ደግሞ ይሞቃል፤ ንጹሕ ጥጥ ቢሆን ኖሮ ይቀዘቅዝ ነበር።

ካታሎግ ያለው ሱቅ ካገኛችሁ ማርቲንዴል የሚል ቁጥር ፈልጉ። ጨርቁ ስንት ጊዜ ቢፈተግ እንደሚችል ይነግራል፤ በየቀኑ ለሚቀመጡበት ሶፋ 25,000 አካባቢ ጥሩ ነው። ካታሎግ ከሌለ ቁራጩን ወደ ብርሃን አንሡት። ብርሃን በብዛት ካሳለፈ ሽመናው ሳስቷል፤ ተዉት። ለስፖንጁም ቢሆን በእጅ ተጭኖ መመለሱ አይበቃም፤ በሜትር ኩብ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝነውን ጠይቁ። ሙሉ በሙሉ ለሚለብስ ባለአንድ ሶፋ 1.40 ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይሄዳል። አበባ ወይም መስመር ያለው ከሆነ ምስሉን ለማገጣጠም ይጨምራል።

አሁን ለእናቴ ቤት ሁለት እያሠራሁ ነው። ጨርቁ ያው ነው፣ ቀለሙ ግን ጠቆር ያለ ቡናማ። ለሰፊው አንድ ነገር አስጠንቅቄዋለሁ፦ የኔው መደገፊያ በስቴፕል ተመትቶ ስለተዘጋ አይወልቅም፤ የእሷ ሁለቱም ከጀርባ ዚፕ ይኑራቸው።