ምጣዱስ ደህና ነው፤ ጅራቱ ነው ያቃጠለኝ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። ስለ ምጣድ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ግን አሥራ አራተኛውን እንጀራ በሰፌድ እያወጣሁ ሳለ አንድ ሽታ መጣ። የሊጥ አይደለም። እንጀራም አላረረም። ፕላስቲክ ነው። ዞር ብል ሹኮው ሶኬቱ ላይ እንደ ሻማ ቀልጦ ተጣብቋል። ግማሽ ቡሃቃ ሊጥ ይዤ ቀረሁ። የተረፈውን ጎረቤት ቤት ወስጄ ነው የጋገርኩት።

ይሄ ደግሞ ሁለተኛው ነው። በሦስተኛው ወር የመጀመሪያው ሲቀልጥ "የሹኮው ጥራት ነው" ብዬ አዲስ አስቀየርኩና ዝም አልኩ። ሞኝ ነበርኩ።

ሻጩ ዛሬም ፊቴ ላይ ነው። መርካቶ፣ ምጣዶቹን ግድግዳ ላይ ደርድሮ። "እናቴ፣ በዚህ ምጣድ እኮ ልጅሽን ትድሪበታለሽ" አለኝ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። "መብራት እንዴት ነው፣ ይበላል?" አልኩት። "ኧረ ብዙም አይበላም!" አለኝ። ቁጥር ብጠይቀው ኖሮ! ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ያነበብኩት ቤት ገብቼ ነው፤ 3500 ዋት ይላል።

እስቲ አብረን እናስላ። ቤት የሚገባው መብራት 220 ቮልት ነው። 3500ን ለ220 ስናካፍል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ግድግዳ ላይ ያለው ተራ ሶኬት ደግሞ ቢበዛ የሚችለው 16 ነው። ስለዚህ ምጣዱ የሶኬቱን አቅም አንጠፍጥፎ ነው የሚወስደው። ውሃ ማፍያ ቢሆን ግድ የለም፣ በአምስት ደቂቃ አፍልቶ ያርፋል። እንጀራ ግን የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ነው። የሹኮው እግር ትንሽ ላላ ካለ እዚያው ላይ ይግላል፤ በጋለ ቁጥር ይበልጥ ይላላል፤ በላላ ቁጥር ይበልጥ ይግላል። መጨረሻው የኔ ቅዳሜ ነው።

የጠራሁት የመብራት ሠራተኛ ገመዱን ልጦ አየና ሳቀ። "እህቴ፣ ይሄ እኮ የአምፖል ገመድ ነው" አለኝ። ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር። ሦስተኛዋ ገመድ፣ ያመለጠውን መብራት ወደ መሬት የምትወስደው ኧርዝ የምትባለዋ፣ ጭራሽ የለችም። እርጥብ ማሰሻ ይዤ የምጣዱን ብረት ስነካው ለምን ይነዝረኝ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። ለካ ስድስት ወር ሙሉ "ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል" እያልኩ በሞት ስቀልድ ነበር!

አሁን ሻጩ ቢሰማኝ የሚለውን አውቃለሁ። "እናቴ፣ እኔ የምሸጠው ምጣድ ነው፣ የቤትሽ መብራት ምን አገባኝ?" እሺ፣ ወንድሜ። ግን ያንን ገመድ የገጠምከው አንተ ነህ። "ሰው ሁሉ እንዲሁ ሰክቶ ነው የሚጋግረው" ትላለህ። ሰው ሁሉማ ሶኬቱ ጠቁሯል! ጎረቤቶቼ ቤት እየዞርኩ አይቻለሁ። አንዷ በማከፋፈያ ነው የምትጠቀመው፣ ያውም ፍሪጁ እዚያው ላይ ተሰክቶ። አንተ ግን ስትሸጥልኝ "ይሄ የራሱን መስመር ይፈልጋል" ብትለኝ ምን ትከስር ነበር? ያኔም እገዛው ነበር እኮ።

የሚያናድደኝ ምጣዱ ጥሩ መሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆን ጥዬው እገላገል ነበር። በጎመን ዘር ካሟሸሁት በኋላ የተጣበቀብኝ የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጀራ ብቻ ናቸው። ሸክላው ሙቀት ይይዛል፤ አንድ እንጀራ ሲቀረኝ አጠፋዋለሁ፣ እሱም በትራፊው ይበስላል። ማታ ላይ ግን አይሆንም። ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ኃይሉ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ከሆነ፣ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቱ ይበልጥ ይወርዳል፤ ወደ ሁለት ሦስተኛ ነው የሚደርሰው። የዚያን ቀን እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ቂጣ ልትሉት ትችላላችሁ። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት እነሳለሁ።

እማዬ ይሄን ሁሉ እሮሮዬን ሰምታ "ጭስ የሌለው ምጣድ ላይ ታማርሪያለሽ?" አለችኝ። እሷ በባሕር ዛፍ ቅጠል ስትጋግር ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነው ያሳደገችን። መልስ አልነበረኝም።

ሠራተኛው ከብሬከሩ ለብቻው በወፍራም ገመድ፣ በ4፣ መስመር ሳበልኝ። ሹኮውን አስወግዶ በማብሪያ ማጥፊያ አገናኘው፣ ኧርዟንም አሰረልኝ። ያወጣሁት ገንዘብ የምጣዱን ዋጋ ግማሽ ያህላል። ስለዚህ የዚህን ምጣድ ዋጋ ስትጠይቁ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ ሻጩ የነገራችሁ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ግዙ ወይ? ያን ቅዳሜ ብትጠይቁኝ "ከነሰፌዱ ጣሉት" እላችሁ ነበር። ዛሬ ግን ግዙት፤ መጀመሪያ መስመሩን አሠርታችሁ።

ትናንት ሠላሳ ሁለት ጋገርኩ። ዓይኑ እንደ ወንፊት ነው። ግን አላመንኩትም፤ በየመሀሉ እየሄድኩ ግድግዳውን በመዳፌ እዳስሳለሁ። ቀዝቃዛ ነው። ልጄ ስታየኝ ቆየችና "እማ፣ ግድግዳው ትኩሳት አለው እንዴ?" አለችኝ።