ከደብሊን የመጣልኝ ቲን ዊስል

ወንድሜ ከደብሊን ሲመጣ ቲን ዊስል የሚባለውን ትንሹን የአየርላንድ ዋሽንት ይዞልኝ መጣ። የናስ ቱቦ፣ የፕላስቲክ አፍ፣ ስድስት ቀዳዳ፣ መነሻ ኖታው ዲ (D)። የኔ የሸምበቆ ዋሽንት አራት ቀዳዳ ነው። እንደ ዋሽንት ከንፈር ማስተካከል የለም፤ እፍ ስትሉበት ወዲያው ይጮኻል፣ ጠንከር ካደረጋችሁ ደግሞ ያው ኖታ ቀጥኖ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ይዘላል።

የገረመኝ የትዝታ ቅኝቱ ነው። ሦስት ቀዳዳ ተደፍኖ የሚወጣውንና ሁሉም ተከፍቶ የሚወጣውን ድምፅ ዝለሉ፣ ትዝታ ሜጀር ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ! ማታ በረንዳ ላይ ስሞክረው እማዬ ቡናውን ትታ «ይኸ የኛው ዋሽንት አይደለም እንዴ?» አለች።

የማልወደው ላይኛውን ድምፅ ነው፣ ጆሮ ይበሳል። በጎንደር የጠዋት ብርድ ደግሞ ናሱ እስኪሞቅ ድረስ ድምፁ ይወርዳል፣ አፉም በእርጥበት ይታፈናል፤ ጠንክሮ እፍ ብሎ ማጽዳት ነው።

ለጀማሪ ልጅ ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። ዋሽንቴን አልተካሁበትም። አሁን ቺፍተንስ በሚባለው የአየርላንድ ባህላዊ ባንድ ፍሉት ይጫወት የነበረውን ማት ሞሎይን እየሰማሁ፣ አየርላንዶች ኖታን ከኖታ የሚለዩበትን ፈጣን የጣት ምት እየተለማመድኩ ነው፤ የቀለበት ጣቴ እስካሁን እምቢ ብሏል።