የሚኒሶታ ዓመታዊ የውርጃ ሪፖርት፦ ከ5 ኮከብ 4 የሰጠሁት ለምንድን ነው?

የሚኒሶታ ጤና ዲፓርትመንት በየዓመቱ ለስቴቱ ምክር ቤት የሚያቀርበው የውርጃ ስታቲስቲክስ ሪፖርት አለ። ነጻ ነው። ማንም ሰው ከዌብሳይታቸው ላይ በፒዲኤፍ ማውረድ ይችላል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምንኖር ሐበሾች ግን ሪፖርቱን ራሱን ከፍተን ያየን ጥቂት ነን። አብዛኞቻችን የምናውቀው ከሱ ላይ ተቆርጣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የምትዞረውን አንዲት ቁጥር ነው። እኔ በሕክምና አስተርጓሚነት ስለምሠራ፣ ለኮሚኒቲያችን ሴቶችም ስለ እናቶች ጤና ገለጻ ስለማዘጋጅ፣ ከዚህ ሪፖርት ጋር በደንብ እንተዋወቃለን። ግብር ከፍለን የተሠራ አገልግሎት እስከሆነ ድረስ ደግሞ እንደማንኛውም አገልግሎት ቢገመገም ደስ ይለኛል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ስለ ውርጃ ያላችሁን አቋም ለማስቀየር አይደለም የምጽፈው። በዚህ ጉዳይ ቤተሰብ ውስጥ እንኳን አንስማማም፣ ይገባኛል። ግን የምንከራከርበትን ቁጥር ቢያንስ በትክክል እናንብበው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ያለችው ሴት የኔም የእናንተም እህት ልትሆን ትችላለችና በግዴለሽነት የሚነበብ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ጥሩ ጎኑን። ሪፖርቱ በሕግ የታዘዘ ነው። ሕጉ የወጣው በ1998 ነው (ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ የኢትዮጵያ ሲሆን እነግራችኋለሁ)። ስቴቱ ውስጥ ውርጃ የሚፈጽም ሐኪም ወይም ክሊኒክ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ፎርም ሞልቶ ይልካል። የሴትየዋ ስም የለበትም። ዕድሜ፣ የመኖሪያ ቦታ፣ የእርግዝናው ሳምንት፣ የተጠቀሙበት ዘዴ፣ እነዚህን የመሳሰሉት ይሞላሉ። ይህ በጣም ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ለፌዴራሉ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ለሲዲሲ መረጃ መላክ ለስቴቶች ግዴታ አይደለም፣ በፈቃደኝነት ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሜሪላንድና ኒው ሃምፕሸር ለረጅም ዓመታት ለሲዲሲ አልላኩም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አስቡት፣ ያን ሁሉ ሐበሻ የያዘው ስቴታችሁ አገር አቀፉ የሲዲሲ ሪፖርት ውስጥ የለም ማለት ነው። ሚኒሶታ ያለን ግን የአሥርተ ዓመታት መስመር አለን።

መስመሩ ምን ይላል? በ1980 ስቴቱ ውስጥ 19,028 ውርጃ ተመዝግቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው እየወረደ መጥቶ በ2020 ወደ 9,108 ደረሰ። ከዚያ ወደ ላይ ዞረ። 2021 ላይ 10,136፣ 2022 ላይ 12,175፣ 2023 ላይ 14,124።

እንግዲህ ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። የ2022ቱ ቁጥር ሲወጣ «ሚኒሶታ ውስጥ ውርጃ በ20 በመቶ ጨመረ» የሚለው ወሬ በየግሩፑ ተሰራጨ። ሒሳቡ ልክ ነው። ከ10,136 ወደ 12,175 ሲሄድ 20 በመቶ ነው። ግን ከሥሩ የሚጻፈውን አስተያየት አንብባችሁታል? «ልጆቻችን ምን ነካቸው»፣ «ይሄ አገር አበቃለት»፣ በሌላ በኩል ደግሞ «እሰይ፣ ሴቶች መብታቸውን አወቁ»። ሁለቱም ወገን ቁጥሩን ያነበበው የሚኒሶታ ሴቶች ጠባይ የተለወጠ አስመስሎ ነው።

ሰኔ 24 ቀን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውርጃን በመላ አገሪቱ መብት አድርጎ ከ1973 ጀምሮ የቆየውን ውሳኔ ሻረ። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ውርጃ ወዲያውኑ ተከለከለ። ዊስኮንሲን ውስጥ ክሊኒኮቹ በ1849 በወጣ ሕግ ምክንያት አገልግሎቱን አቆሙ፣ እንደገና የጀመሩት መስከረም 2023 ላይ ነው። ሰሜን ዳኮታ ውስጥ የነበረው አንድ ክሊኒክ ብቻ ነው። እሱም ፋርጎ ከተማ ውስጥ ነበር። ነሐሴ 2022 ላይ ዕቃውን ጠቅልሎ ወንዙን ተሻገረና ሙርሄድ ገባ። ሙርሄድ ሚኒሶታ ነው። ፋርጎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው ሬድ ሪቨር ነው፣ ድልድዩን በመኪና መሻገር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ያው ክሊኒክ፣ ያቺው የፋርጎ ነዋሪ። ሐምሌ ላይ ብትሄድ ሰሜን ዳኮታ ላይ ትቆጠር ነበር፤ መስከረም ላይ ከሄደች ሚኒሶታ ላይ ተቆጠረች። የአንዱ ስቴት ግራፍ ወረደ፣ የሌላው ወጣ፣ ሴትየዋ ግን ድልድይ ብቻ ነው የተሻገረችው።

ለዚህ ነው ሪፖርቱን ስትከፍቱ ከጠቅላላ ድምሩ በፊት የመኖሪያ ቦታውን ሠንጠረዥ ፈልጉ የምለው። የሚኒሶታ ነዋሪ የሆኑትን በካውንቲ ይዘረዝራል፣ ከሌላ ስቴት የመጡትን ለብቻ ያስቀምጣል። በ2022 ከውጭ የመጡት ቁጥር ከ2021 በግልጽ ጨምሯል። የነዋሪዎቹም ጨምሯል፣ እሱን መደበቅ አይገባም። ግን ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንደኛው ስለ ሚኒሶታ ሴቶች ነው፣ ሁለተኛው ስለ ጎረቤት ስቴቶች ሕግ ነው። ሪፖርቱ ይህንን ለይቶ ማሳየቱ ለኔ ከሁሉም የሚበልጥ ጥቅሙ ነው።

ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ የቴክሳስን ይመልከት። ቴክሳስ ከክልከላው በፊት በዓመት ከ50,000 በላይ ይመዘግብ ነበር። መስከረም 2021 ላይ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ውርጃን የሚከለክለው ሕግ መጣ፣ ነሐሴ 2022 ላይ ደግሞ ሙሉ ክልከላው ጸና፣ ከዚያ በወር የሚመዘገበው በጣት የሚቆጠር ሆነ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ውርጃ ቴክሳስ ውስጥ ጠፋ ይላል። ጉትማከር የተባለው የምርምር ተቋም ግን በ2023 ወደ 35,500 የሚጠጉ የቴክሳስ ነዋሪዎች ለዚህ አገልግሎት ሌላ ስቴት እንደሄዱ ገምቷል፣ ከነዚህ ውስጥ 14,200 ያህሉ ወደ ኒው ሜክሲኮ። ዳላስና ሂውስተን ያለው ሐበሻ ብዛቱ ይታወቃል። የኛ ሴቶች እዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

የአውሮፕላን ትኬት ቆርጣ፣ ከሥራ ቀርታ፣ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ የሄደችው ሴት በየትኛው ስቴት ሪፖርት ላይ እንደምትገኝ ማወቅ ለኔ የቢሮ ወረቀት ጉዳይ አይደለም። የእርዳታ ገንዘብም፣ የአስተርጓሚ በጀትም ሲመደብ ያ ቁጥር ሊታይ ይገባል ባይ ነኝ።

አሁን ወደሚከፋኝ ነገር ልምጣ።

በየዓመቱ በወጡት ሪፖርቶች ላይ በዘር የተከፋፈለ ሠንጠረዥ አለ። «ጥቁር» የሚል አንድ ረድፍ ነው ያለው። ትናንት ከአዲስ አበባ የገባች ልጅ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ያደገች የሶማሌ ልጅ፣ አያቶቿ ከሚሲሲፒ የመጡ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሁሉም እዚያች አንዲት ረድፍ ውስጥ ናቸው። ሲዲሲም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። እኔ ለሴቶቻችን ገለጻ ሳዘጋጅ ማወቅ የምፈልገው የኛ ሴቶች የወሊድ መከላከያ ሲፈልጉ ያገኛሉ ወይ፣ ቋንቋው ነው ወይስ ኢንሹራንሱ የሚያስቸግራቸው፣ ስንተኛ ሳምንት ላይ ነው ሐኪም ጋ የሚደርሱት የሚለውን ነው። ከዚያ ረድፍ ላይ ይህን ማንም ሊያወጣው አይችልም። እዚህ ስቴት ውስጥ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ ብዛት ደግሞ የትውልድ አገር የምትል አንዲት ሣጥን አይጨመርለትም የሚባል አይደለም። በእርግጥ ቁጥሩ በጣም ትንሽ ከሆነ ሰው ሊለይ ይችላል የሚል ስጋት አለ፣ ስጋቱም እውነት ነው። ቢያንስ ግን የምሥራቅ አፍሪካን በአንድ ላይ ማውጣት ይቻል ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በ2023 የተደረገው ለውጥ ነው። የስቴቱ ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ ከሐኪሞች የሚጠየቀውን መረጃ ቀነሰ። የሴቶችን ሚስጥር መጠበቅ አስፈላጊ ነው፣ በዚያ አልከራከርም። ግን ለዓመታት ሲሰበሰብ የኖረ ነገር ሲቋረጥ የቀድሞውን ከአዲሱ ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ያ ያሳዝነኛል።

ሦስተኛው በፖስታ የሚመጣው ክኒን ነው። ዛሬ ነገሩ እንደ ድሮው ክሊኒክ ብቻ አይደለም። በ2022 ለሲዲሲ ከተመዘገቡት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 9 ሳምንታት በክኒን የተደረጉ ናቸው። በስልክና በኮምፒዩተር ታክሞ መድኃኒት በፖስታ መቀበልም ተስፋፍቷል። «ዊካውንት» የሚባለው ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለውን ውርጃ በየወሩ የሚቆጥር ፕሮጀክት እንዳለው በ2024 መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ4ቱ ውርጃ አንዱ ያህል በዚህ መንገድ ነበር። የስቴት ጤና ቢሮ ፎርም ደግሞ የሚያውቀው እዚያው ስቴት ያለውን ሐኪም ነው። ከሌላ ስቴት የሚላከውን አያይም። ስለዚህ የክልከላ ስቴቶችን ለማየት ከስቴቱ ሪፖርት ይልቅ ዊካውንትን ብትጠቀሙ ይሻላል።

ሲዲሲን ለብቻው ብዙ አላወራም። ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ የ2022ቱ የወጣው ኅዳር 2024 ላይ ነው። 613,383 ይላል። ጉትማከር ደግሞ ለ2023 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይላል። ይህን አይቶ «አንዱ ይዋሻል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ማንም አልዋሸም። ዓመቱ ይለያያል፣ ዋናው ግን ሲዲሲ የላኩለትን ስቴቶች ብቻ ነው የሚደምረው፣ ካሊፎርኒያን የሚያህል ስቴት ጎድሎበት፤ ጉትማከር ግን ከአገልግሎት ሰጪዎቹ ራሱ እየጠየቀ ይገምታል። ሲዲሲ የሚጠቅመው ዝርዝሩ ላይ ነው። ለምሳሌ 93 በመቶ ያህሉ እስከ 13ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደረግ መሆኑን፣ ከ21ኛው ሳምንት ጀምሮ ያለው 1 በመቶ አካባቢ መሆኑን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ መሆናቸውን፣ ከ10ሩ 6ቱ ያህል ከዚያ በፊት የወለዱ መሆናቸውን ከሱ ነው የምታገኙት። ይህ የመጨረሻው ገለጻ ላይ ስናገረው ክፍሉን ጸጥ ያሰኘዋል። ብዙ ሰው በአእምሮው የሚስለው ተማሪ ልጅ ነው፣ ቁጥሩ ግን እናቶችን ነው የሚያሳየው።

አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በቅርቡ አንድ ዝግጅት ላይ የታደለ ወረቀት፣ ማን እንዳዘጋጀው አልናገርም፣ ከ1,000 ሴቶች 199ኙ በዓመት ውርጃ ይፈጽማሉ ይላል። ደነገጥኩ። 199 የሚለው የሲዲሲ ቁጥር አለ፣ ግን ለ1,000 ሴት አይደለም፣ በሕይወት ለተወለዱ 1,000 ሕፃናት ነው። ለ1,000 ሴት የሆነው 11.2 ነው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 44 ለሆኑ። ሁለቱን ማምታታት ነገሩን ወደ ሃያ እጥፍ ያጋንናል። ደግሞ ከሕፃናት ጋር የሚሰላው ቁጥር ተንኮለኛ ነው። 1,000 ልጅ ተወልዶ 200 ውርጃ ቢኖር 200 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ውርጃው ያው 200 ሆኖ የሚወለደው ወደ 900 ቢወርድ ቁጥሩ 222 ይሆናል። ምንም ሳይጨምር ጨመረ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የወሊድ መጠን እየወረደ ነው።

«የኛ አገርስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ በየዓመቱ እንዲህ የሚወጣ የክልል ሪፖርት ይዤ አላውቅም፣ የምጠቅሰው በ2008 እና በ2014 የተደረጉትን ሁለት አገር አቀፍ ጥናቶች ነው። የወንጀል ሕጉ በ1997 ዓ.ም. ከተሻሻለ በኋላ የተሠሩ ናቸው። በ2014 ወደ 620,300 ውርጃ እንደተፈጸመ ተገምቷል። ለ1,000 ሴት ከ22 ወደ 28 ከፍ ብሏል። ግን በጤና ተቋም የተደረገው ድርሻ ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ አድጓል፣ ለኔ ትልቁ ዜና ይሄ ነው። ከተቋም ውጭ የተደረገው 294,100 መሆኑ ደግሞ አሁንም ያማል። መጠኑ ከፍ ያለው አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ሐረሪ ላይ ነው፤ እነዚህ ከተሞች ደግሞ አገልግሎቱ የሚገኝባቸው ናቸው፣ ከዙሪያው የሚመጣ ሰው አለ፣ ስለዚህ እዚያም የፋርጎና የሙርሄድ ነገር ሊኖር ይችላል። ከሚኒሶታ ጋር በቀጥታ ግን አታወዳድሩት። ያኛው ግምት ነው፣ ዕድሜውም ከ15 እስከ 49 ነው፤ የሚኒሶታው የፎርም ቆጠራ ነው።

አራት ኮከብ የሰጠሁት ስለ አስተማማኝነቱና ስለ መኖሪያ ሠንጠረዡ ነው። አንዷን ያስቀነሰው የዘር ረድፉ ነው፣ እሱን ካስተካከሉ እመልሳለሁ። እኔ ያገኘሁት በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑም ቅር ይለኛል፣ ግን ለእሱ እነሱን አልጠበቅኩም። የመኖሪያ ቦታውንና የዕድሜውን ሠንጠረዥ ከማብራሪያው ጋር በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ። ለሴቶች ማኅበር ወይም ለዕድር ገለጻ የምትፈልጉ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።