ለድሬዳዋ ሙቀት የተገዛ ስፔሰር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በኒሳን 350ዜድ መኪናዬ ላይ ያስገጠምኩት የማኒፎልድ ስፔሰር (አየር ለሲሊንደሮች በሚያከፋፍለው ክፍል፣ ማለትም በማኒፎልዱ፣ መካከል የሚገባ ሰሌዳ) ወራትን ካስቆጠረ በኋላ አንድ ነገር በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ፤ ሻጮች የሚያሞግሱበት ምክንያትና እኔ የወደድኩበት ምክንያት ጨርሶ አይገናኙም። እነሱ የሚሸጡት የፈረስ ጉልበት ነው። እኔ ያገኘሁት ግን በቀትር ፀሐይ ቆሞ ሲነሳ የማይለግም መኪና ነው።

የሻጮቹ ክርክር መሠረት የለውም አልልም። የዚህ መኪና ሞተር፣ ቪኪው35ዲኢ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ 3.5 ሊትር፣ ከኮፈኑ ሥር ቦታ ስለሚጠበው የማኒፎልዱ የላይኛው ክዳን ወደ ፊት ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ በዚህም ምክንያት ከፊት ያሉት ሁለት ሲሊንደሮች ከኋለኞቹ ያነሰ አየር ይደርሳቸዋል። በክዳኑና በታችኛው ክፍል መካከል የሚገባው ስፔሰር ክዳኑን ከፍ አድርጎ ለፊተኞቹ መንገድ ይከፍታል። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚታየው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ነው፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው፣ ወደ ደንገጎ በሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ፣ ከፊት የጭነት መኪና እየተጎተተ፣ ያንን ዙር ማን ያገኘዋል? ከዚህም በላይ ፋብሪካው ለአሜሪካ ገበያ የጻፈው 287 የፈረስ ጉልበት የባሕር ወለል አየር ታሳቢ የተደረገበት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ እዚህ ከ10 በመቶ በላይ፣ እዚያ ከ15 በመቶ በላይ የሚሆነውን አየር ቀድሞውኑ አጥተናል። ስፔሰር ይህን አይመልስም። «ወንድሜ፣ ዳገቱን ስትወጣ ልዩነቱን ታየዋለህ» የሚል ሻጭ ዳገቱን አያውቀውም።

የእኛ ከተማ ችግር ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ ቀኑ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ታይዋን ገበያ አጠገብ መኪና አቁሞ፣ ዕቃ ገዝቶ ሲመለሱ ያለው ጊዜ ለሞተር ከሁሉም የከፋው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የራዲያተሩ ውኃ መዘዋወሩን፣ ቀዝቃዛ አየርም መግባቱን ያቆማል፤ ቴስታታው (ከማኒፎልዱ ሥር ያለው የሲሊንደሮቹ ክዳን) የያዘው ሙቀት ግን ወደ ላይ እየወጣ የአሉሚኒየሙን ማኒፎልድ ያግለዋል። ረጅም ሰዓት ከቆመ ሁሉም ይበርዳል፤ በአጭር ቆይታ ከተነሳ ግን የሚገባው አየር በጋለ ብረት ውስጥ ያልፋል። አየር በየ3 ዲግሪው ጭማሪ 1 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ፣ 15 ዲግሪ መጨመሩ ብቻ 5 በመቶ ይወስዳል። የአየር ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ደግሞ ወደ ማጣሪያው በኩል ስለሆነ ከእሱ በኋላ የሚጨመረውን ሙቀት አያየውም፤ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ነው ኮምፒዩተሩ ማቀጣጠያውን የሚያዘገየው። ከመጋላ ሰፈር በባጃጆች መካከል እየተሳበ የሚወጣ ሰው ቤንዚን ሲሰጠው መኪናው ከበደው የሚለው ይህንን ነው።

አሁን ያ የለም። አንድ ቀን ከሐረር እንደተመለስኩ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ማኒፎልዱን ነካሁት። ከስፔሰሩ በታች ያለው ብረት ጣት አያስጠጋም፤ ሙቀት ከማያስተላልፈው ጥቁር የፕላስቲክ ስፔሰሬ በላይ ያለው ክዳን ላይ ግን መዳፌን አሳርፌ ማቆየት ቻልኩ። በመካከላቸው ያለው የጣት ውፍረት እንኳ የማይሞላ ርቀት ነው! ይህን ካየሁ በኋላ ለተከፈለው ገንዘብ ቅንጣት አልቆጨኝም።

ይህ ሁሉ ግን ስፔሰሩ ከምን እንደተሠራ ይወሰናል። በገበያው አሉሚኒየምም አለ፣ ሙቀት የማያስተላልፍ ጠንካራ ፕላስቲክም አለ። አሉሚኒየሙ ያምራል፣ አይሰበርም፣ ዕድሜ ልክ ይኖራል ይሉናል፤ ሙቀት በማስተላለፍ ግን ከፕላስቲኩ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል፤ ይህም ማለት ለቴስታታው ሙቀት ተጨማሪ ድልድይ ሠራንለት ማለት ነው። ነገሩ አዲስ ጥበብም አይደለም፤ በሐረር በታክሲነት ያረጁትን ፔጆ 404ዎች የያዙ መካኒኮች በካርቡራተር ሥር የሚገባውን ባክላይት ሰሌዳ ያውቁታል፣ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። ለጅቡቲ ወይም ለድሬ ሙቀት አሉሚኒየም የሚመክር ሻጭ የራሱን መደርደሪያ ለማራገፍ ነው የሚመክረው።

በውፍረት 8 እና 13 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ አሉ። ወፍራሙ ከሞተሩ በላይ ተሻግሮ ከሚያልፈው ማጠናከሪያ ብረትና ከኮፈኑ ጋር ቦታ ስለሚሻማ ቀጭኑን መረጥኩ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የወጣው 350ዜድ ደግሞ ኤችአር የሚባል ሌላ ሞተር፣ ሁለት የአየር መግቢያና ጎበጥ ያለ ኮፈን ስላለው የእኔ ዓይነቱ ስፔሰር አይገጥመውም።

ስፔሰሩ ተአምር አይሠራም፤ በትራፊክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከተሳቡ ከኮፈኑ ሥር ያለው አየር ራሱ ስለሚግል ክዳኑም በመጨረሻ ይሞቃል። እሱ የሚያደርገው ማዘግየት ነው፤ ለእኛ አጫጭር ጉዞዎች ግን ይህ መዘግየት በቂ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት በመከልከሉም በእጃችን ያለውን ሞተር ከሙቀት መጠበቅ ከበፊቱ የበለጠ ይገባናል።

ለሚያስገጥም ሰው፦ ጓርኒሲዮኑ ከላይም ከታችም አዲስ ይሁን፤ ቡሎኖቹም በስፔሰሩ ውፍረት ልክ የረዘሙ ይሁኑ። አሮጌዎቹ የሚይዙት ጥቂት ጥርስ ብቻ ስለሚሆን የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላሉ። ከመሃል ወደ ዳር በተራ፣ የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይጥበቁ፤ ፕላስቲክ በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ጥቂት ስለሚታመቅ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በበረደበት ጠዋት ዳግመኛ ይፈተሹ። ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይሰጠው ሞተሩ የሚሽከረከርበት ዙር) ከፍ ካለ ወይም ካልተረጋጋ፣ ከሴንሰሩ ያላለፈ አየር በጓርኒሲዮኑ በኩል እየገባ ነውና ካንዴላ ወደ መቀየር ከመሄድ በፊት እዚያ ይታይ።