ያገለገለ ወርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የተሠራ) ላፕቶፕ፣ ከ9 ወር በኋላ

መስከረም 2018 ስገዛው ሻጩ ደጋግሞ ያወራኝ ስለ ፕሮሰሰሩ ነበር። ኮር አይ7፣ 8ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ)፣ ባለ 6 ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚከፋፈሉ 6 ክፍሎች ያሉት። እኔም ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ዛሬ ብገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሲሞቅ ምን ይሆናል? መብራት ሲሄድስ?

ሥራዬ የሕንፃ ዲዛይን ነው። ቀን በአውቶካድና በሬቪት ፕላን እሠራለሁ፣ ማታ በሉሚዮን ሬንደር አደርጋለሁ፤ ማለትም ዲዛይኑን ወደ ምስልና ቪዲዮ እቀይራለሁ። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው በአንድ ኮር ስለሆነ የኮር ብዛት ብዙም አይጠቅመውም። ሉሚዮን ደግሞ ሸክሙን የሚጥለው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። የእኔው ኳድሮ ፒ1000፣ ባለ 4 ጊጋ ሜሞሪ ነው። ለቪላ ይበቃል። የጣና ዳር ሎጅ ከነዛፉና ከነውሃው ስጭንበት ግን ስታክ ያደርጋል፤ ዛፍ እየቀነስኩ ነው የምጨርሰው። ራሙን በሁለተኛው ወር ከ16 ወደ 32 ጊጋ አሳደግሁት። ካወጣሁት ብር ሁሉ የካሰኝ እሱ ነው። ሬቪትና ፎቶሾፕ አብሬ ስከፍት የነበረው መንቀራፈፍ ቀረ።

ሙቀቱ ግን ፈተነኝ። መጋቢትና ሚያዝያን ባሕር ዳር የከረመ ሰው ያውቀዋል። ሽምብጥ ሰፈር ያለችው ቢሮዬ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ከሰዓት ሬንደር ስጀምር ፋኑ ይጮሃል፤ ቀጥሎ ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት በ40 ደቂቃ የሚያልቅ አጭር ቪዲዮ ከሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኝ ነበር። ባለሙያ ከፍቶ አቧራውን ጠረገልኝ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ቀየረልኝ። ለውጡ በዚያው ቀን ታየ። አሁንም ከባዱን ሬንደር የማስነሳው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል።

ባትሪው «አሪፍ ነው» ተብዬ ነበር። ዊንዶውስ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት ኋላ ሳየው የመጀመሪያ አቅሙን ግማሽ እንኳ አይዝም። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሪፖርት እዚያው ሱቁ ውስጥ አስወጡ። ቻርጀሩ 170 ዋት ስለሆነ የነበረችኝ ትንሽ ኢንቨርተር (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የምትሰጥ) አልቻለችውም። አንድ ማታ መብራት ጠፋና የደንበኛ ፕላን ላይ የሠራሁት ሄደብኝ፤ አንጀቴ ነው ያረረው። አውቶካድ በራሱ ሴቭ የሚያደርገው በየ10 ደቂቃው ነበር፤ ወደ 3 አወረድኩት።

ስክሪኑ ቤት ውስጥ ቆንጆ ነው፣ ደጅ ግን ደብዛዛ። ሐይቁ ዳር ዘንባባ ሥር ዲዛይን ሳሳይ ደንበኛዬ «ይኸ መስኮት ነው ጥላ?» አሉኝ። «ጥላ ነው ጋሼ» ብዬ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።

ጄኔሬሽኑ ላይ ግን አልተሳሳትኩም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ አበቃ፤ 8ኛ ጄኔሬሽን ዊንዶውስ 11ን በወጉ ይቀበላል። በርካሽ የቀረቡልኝን የ6ኛና የ7ኛ ማሽኖች ብወስድ ኖሮ በወሩ ችግር ውስጥ ነበርኩ።

በዚህ ሳምንት አዲስ ባትሪ አስገባለታለሁ። ማሽኑን አልሸጠውም።