«የለም» ማለት የሚያውቁ የኮምቦልቻ ዘር ሻጭ

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ስለሆነ ከሱ ልጀምር። የአበሻ ጽድ ዘር አንድ ሲኒ 60 ብር ነው። ወይራ በሲኒ 40። ዝግባ በፍሬ ይቆጠራል፣ አንዱ 3 ብር። ችግኝ ከፈለጋችሁ ደግሞ አንድ ክንድ የማይሞላ ዝግባ 150 ብር ይላሉ። እዚህ ላይ አብሮኝ የሄደው ወንድሜ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማደደ። «በዚህ ብር ስንት ባሕር ዛፍ ይገዛል?» አለ። ብዙ ይገዛል። ባሕር ዛፍ የፈለገ ግን እዚህ ባይመጣ ይሻለዋል።

ቦታው ከደሴ ስትወርዱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሳችሁ ኮምቦልቻ ልትገቡ ስትሉ ነው። ሱቅ ለማለት ይከብዳል። በአጣና ላይ የተወጠረ ጥቁር መረብ፣ ሥሩ በጥቁር ፕላስቲክ የተደረደሩ ችግኞች፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ የከሰል ምድጃ። ታፔላ የለውም። ባለቤቷ ሰባ ዓመት የዘለሉ እናት ናቸው። ሁሉም «እማማ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከቤቴ ጀርባ ደግሞ ምንጣፍ የምታክል ጓሮ አለችኝ። በ2013 ክረምት በቆርቆሮ 14 ጽድ ዘርቼ አብቅዬ ነበር። ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ 14ቱም ደርቀው ጠበቁኝ። ከቤቱ ዕቃ ብዙ ነገር ጠፍቶ ነበር፤ እኔ ግን ቆርቆሮዎቹ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤት ጉድ አለ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ሻጭ «ዝግባና ጥቁር እንጨት» የተባለ እሽግ በ200 ብር ገዛሁ። አንድ ክረምት ሙሉ አፈር ሳጠጣ ከረምኩ። አንድም አልበቀለም። ስለዚህ በ2016 እማማ ጋ ስደርስ ቀድሞውንም የተጠራጠርኩ ሰው ነበርኩ።

ገና እንደደረስኩ ጥቁር እንጨት ጠየቅሁ። «የለም» አሉ። ዓይኔ ሰፌዱ ላይ ነው፣ ፍሬው ቁጭ ብሏል።

«እማማ፣ ይኼውና እኮ!»

«እሱ ሦስት ወር አልፎታል፣ ልጄ። ስታይው ዘር ነው፣ ስትዘሪው ጠጠር።»

ጥቁር እንጨት እንዲህ ነው። ዘሩ እንደ ጤፍ ጎታ ውስጥ አይከርምም። ሲደርቅ ሕይወቱ ይወጣል። ፍሬው በስሎ ሲወድቅ ሥጋውን አጥቦ ቶሎ አፈር ማስገባት ነው ያለው። የ200 ብሩ እሽግ ለምን እንዳልበቀለ ያኔ ገባኝ። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ ዛፉ በየአገሩ እየተላጠ ተመናምኗል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል። እንዲህ ያለውን ዛፍ የሞተ ዘር እየሸጡ ሰውን ተስፋ ማስቆረጥ ኃጢአት ይመስለኛል። እማማ «አብሽሪ፣ ስልክሽን ተይልኝ፣ ሲወድቅ አስደውልልሻለሁ» አሉኝ። ሰባት ወር አለፈ። ረስቼው ሳለ የልጅ ልጃቸው ደወለ።

ጽዱን ሲሸጡልኝ ያደረጉትን ደግሞ ሌላ ቦታ አላየሁም። ሲኒውን ከመስፈራቸው በፊት ዘሩን ውሃ የሞላ ጣሳ ውስጥ ጨመሩት። ግማሽ ያህሉ ተንሳፈፈ። ተንሳፋፊውን በእጃቸው ገፈው ደፉት። «ባዶ ነው፣ ይኼን አልቆጥርብሽም» አሉ። የጽድ ዘር ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ የሆነው ብዙ ነው። እኔ ለዓመታት «እጄ አይባረክም» እያልኩ የዘራሁት ለካ ቅርፊት ነበር። ሲኒ የሚሞሉት የሰመጠውን ነው። 60 ብሩን ውድ ነው የሚለኝ ሰው ይኼንን ቆጥሮ ይምጣ።

ሌላው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ዘር ይዛችሁላቸው ስትሄዱ «ከየትኛዋ ዛፍ?» ይላሉ። ዝግባም፣ ጽድም፣ ኮሶም ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ነው የሚበቅሉት፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። ይኼን ሳላውቅ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ካለ ትልቅ ዝግባ ሥር ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ፍሬ ፈልጌያለሁ። ዲያቆኑ በሦስተኛው ቅዳሜ «እህቴ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ። ዛፉ ወንድ ነበር። እማማ ይኼን ስነግራቸው ሳቅ አፍኗቸው ጀበናውን ሊደፉት ነበር።

ዝግባውን 30 ፍሬ ገዛሁ። ልጣጩ ሲነሳ ከሥሩ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቅርፊት አለው። እማማ ከሠላሳው አሥሩን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው ሰነጠቁልኝ፣ የቀረውን «እንዳለ ዝሪው፣ ልዩነቱን እይ» አሉ። የተሰነጠቁት ቀደሙ፣ የመጀመሪያው በ41ኛው ቀን ብቅ አለ። ያልተሰነጠቁት ግን ሲዘገዩ ሲዘገዩ፣ የመጨረሻው በአምስተኛው ወር ነው የወጣ። ያን ጊዜ እኮ ቆርቆሮውን ደፍቼ ጎመን ልዘራበት ነበር። በጠቅላላው 20 በቀለልኝ። ወይራ ላይ ግን ራሴ ልሰንጥቅ ብዬ ግማሹን ፈጨሁት። ያ የኔ ጥፋት ነው፣ ነጥብ አልቀንስባቸውም።

ዘር ስትገዙ አንድ እፍኝ አፈር በላስቲክ ጠቅልለው ይጨምሩላችኋል። ከእናት ዛፏ ሥር የመጣ ነው። «እርሾው ነው» ይላሉ። መጀመሪያ የሽማግሌ ልማድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እውነት አለው። ጽድና ዝግባ ሥራቸው ላይ አብሯቸው የሚኖር ፈንገስ አለ፣ ከአፈሩ ምግብ እንዲያገኙ ያግዛቸዋል። ከቦርከና ዳር በተዛቀ አሸዋ ብቻ የተተከለ ችግኝ ያን ጓደኛውን ላያገኘው ይችላል። እንጀራ ያለ እርሾ ማን ይጋግራል?

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የመጀመሪያው ምንም ነገር ላይ ስም አለመኖሩ ነው። ዘሩ በጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀለላል፣ ሁሉም ጥቅል አንድ ይመስላል። ችግኙም እንዲሁ። ባለፈው ዓመት ሦስት የጽድ ችግኝ ገዛሁ። ሁለቱ እንደ ጽድ ወጉ ቀስ እያሉ ሲያድጉ አንዷ ቸኮለች፣ በአንድ ክረምት እጥፍ ሆነች። ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የፈረንጅ ጽድ ናት። ወስጄ ሳሳያቸው አልተከራከሩም። «የልጅ ልጄ ነው የቀላቀለው» ብለው ሌላ ሰጡኝ፣ የፈረንጇንም አልተቀበሉኝም። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ክረምት ማን ይመልስልኛል?

ሁለተኛው፣ ማክሰኞና ቅዳሜ አሉ ይባላል፤ ለቅሶ ወይም ሰርግ ከገጠማቸው ግን የሉም። ስልክ ልጁ ካላነሳው አይነሳም። ሁለት ጊዜ በባዶ ተመልሻለሁ። ሦስተኛው ለደሴ ሰዎች ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ይጠጋል። እዚያ ሙቀት ውስጥ ያደገ ችግኝ ኅዳር ላይ ደሴ አውጥታችሁ ሜዳ ላይ ካስቀመጣችሁት ውርጭ ይጠብሰዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይራዎቼን እንዲህ አጣሁ። ከጠየቃችኋቸው ይነግሯችኋል፤ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም።

ይኼ የከፍታ ልዩነት ግን አንድ ጥሩ ነገር አመጣ። ኮሶ ደጋ ነው የሚወደው፣ እሳቸው ጋ አይሆንላቸውም። እኔ ደግሞ ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት ኮሶ አለች፣ አበባዋ ቀላ ያለ፣ እንደ ሹሩባ የተንዠረገገ። የካቲት ላይ ዘሯን ሰብስቤ ወሰድኩላቸው። ዘሩ እንደ ገለባ የቀለለ ነው፣ ሲያስነጥሱ ይበተናል። በፎቶ ኮፒ ተበላሽቶ የወጣ ወረቀት አጥፌ ሃምሳ ፖስታ ሠርቼ ነበር፣ በዚያ አደረግሁት። በጀርባው የዛፉን ስም፣ የተለቀመበትን ወርና ቦታ ጻፍኩ። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ ቅጠሉንም ሳልኩበት። ትንሽ አዩትና «ይኼ ኮሶ ሳይሆን ጎመን ነው» አሉኝ። ፖስታዎቹን ግን ወሰዱ።

ለኮሶው ገንዘብ አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ ቡና እንድጠጣ ነገሩኝ። የዚህ ቦታ ዋናው ነገር እሱ ነው ለካ። አምስት ስድስት ሰው ይመጣል። አንድ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ዶቅማ ያመጣል፣ እሱም እንደ ጥቁር እንጨት ሳይደርቅ የሚዘራ ነው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከተከዜ ሸለቆ የባኦባብ ፍሬ አምጥቶ ለሁላችንም አካፈለን። የኔው በቅሎ አራት ቅጠል ካወጣ በኋላ የደሴ ብርድ በአንድ ሌሊት ጨረሰው። የኮምቦልቻዎቹ ግን አሁንም አላቸው፣ እየቀናሁ ነው የማየው። ሥርዓትም አለው። አቦል ላይ ዘር አይነሳም፣ የሰው ጤና ነው የሚጠየቀው። ቶና ላይ ማን ምን እንዳበቀለ፣ ማን ምን እንደሞተበት ይወራል። ዘሩ ከኪስ የሚወጣው ከበረካ በኋላ ነው።

አንድ ደንብም አላቸው። በእሳቸው ዘር አሥር ችግኝ ያበቀለ፣ አንዱን ይመልሳል። አይጽፉትም ግን አይረሱም። እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ባዩኝ ቁጥር፣ «ዝግባዎቼ ደህና ናቸው?» ይሉኛል። ዝግባዎቼ ይላሉ እንጂ ዝግባዎችሽ አይሉም።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አንዱን ያስቀረሁት ለፈረንጅ ጽዷ ነው። በሁለት ዓመት ጥላ ሥር ቁጭ ማለት የሚፈልግ ሰው ግራቪሊያ ይግዛ፣ እማማ ጋ አይሂድ። ሌላው ግን ይሂድ፤ እስክሪብቶ ይያዝና የሚገዛው ላይ ራሱ ስሙን ይጻፍበት።

ባለፈው ቅዳሜ ዕዳዬን ልከፍል ሁለት ዝግባ ይዤ ወረድኩ። ከጉልበቴ በታች ናቸው ገና። ሚኒባስ ውስጥ እግሬ መሃል አቅፌያቸው ሐረጎን ስንወርድ ረዳቱ አየኝ። «እነሱም ይከፍላሉ» አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ።