ጎንደር ላይ ስለሚሸጠው የዳይቪንግ ጃኬት፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ሰሞኑን በቴሌግራም «ኦርጅናል የዳይቪንግ ጃኬት፣ ከውጭ የመጣ፣ ጥቂት ፍሬ ነው የቀረው» የሚል ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ዳይቪንግ ማለት የአየር ሲሊንደር ይዞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ነው። ጃኬቱ ጥቁር ነው፣ ትከሻው ላይ ወፈር ያለ ቱቦ ተንጠልጥሎበታል። አትግዙት። ለጎርጎራ ጀልባ ይሆነኛል፣ ለልጄ አለብሰዋለሁ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትግዙት።

ነገሩን ያወቅኩት በአክስቴ ልጅ ነው። ጅቡቲ ሄዶ ዳይቪንግ መማር ይፈልጋል። ሀሳቡን እኔም ደግፌዋለሁ፤ ከህዳር እስከ ጥር ታጁራ ባህረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ (ግዙፉ የሻርክ ዓሣ) የሚታይበት ወቅት ነው። ሻጩ ይህን ሰማና «የራስህ ጃኬት ከሌለህ አያስተምሩህም» አለው። ውሸት ነው! ማሰልጠኛዎች ለጀማሪ ጃኬቱን፣ ሲሊንደሩንና መተንፈሻውን አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያቀርባሉ፤ ብዙ ቦታ ኪራዩ ከኮርሱ ክፍያ ጋር ነው። ልጁ ግን እንዳያመልጠው ብሎ 30 ሺህ ብር ከፈለ። ደረሰኝ የለም፣ ዋስትና የለም።

ጃኬቱ መስራቱን እንዴት እንዳሳየው ልንገራችሁ። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ካለ ጎሚስታ ወስዶ በመኪና ጎማ መንፊያ ነፋው። ጃኬቱ አበጠ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ሁሉም አደነቀ። በዚህ ተሸጠ። ጃኬት ማበጡ ምንም አያረጋግጥም። አየሩን ይዞ ማደሩና ሲፈለግ ወዲያው መልቀቁ ነው መታየት ያለበት። የጎማ መንፊያ ደግሞ ግፊቱ ከባድ ስለሆነ ደህናውንም ከረጢት ስፌቱ ላይ ሊከፍተው ይችላል።

የዚህ ጃኬት ስራ ቀላል ይመስላል። ውስጡ የአየር ከረጢት አለ። ጠላቂው ጀርባው ላይ ካለው ሲሊንደር በቀጭን ቱቦ አየር ያስገባበታል፣ በሌላ ቁልፍ ያስወጣዋል። ሲያስገባ ከፍ ይላል፣ ሲያስወጣ ይወርዳል፣ ሲያመጣጥነው ባለበት ይቆማል። አደጋው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ገጽ ሁለት እጥፍ ስለሆነ፣ ከዚያ ስትነሱ ጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ላይ ስትደርሱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እየወጡ ማስተንፈስ ግድ ነው። የማስገቢያው ቁልፍ ተጣብቆ ከቀረ ወይ የማስወጫው ቫልቭ እምቢ ካለ፣ ጃኬቱ ሰውየውን ይዞት ሽቅብ ይወነጨፋል። በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትውጡ ተብሎ የሚመከረው በከንቱ አይደለም። በዚያ ድንጋጤ ትንፋሹን ከያዘ ሳንባው ውስጥ ያለውም አየር እንደዚያው ይሰፋል፣ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ሰው ይሞታል በዚህ።

እና የልጁን ጃኬት ቤት አምጥተን አየነው። የማስገቢያው ቁልፍ ሲጫኑት ገብቶ ይቀራል፤ የባህር ጨው ደርቆበታል። በትክክል ያልኩት ነገር ነው፣ ሰው የሚገድለው ብልሽት። በአፍ ነፍተን ስናሳድረው ጠዋት ተኮማትሮ አገኘነው። እንደገና ነፍተን ሳሙና ስንቀባው የትከሻው ቫልቭ ዙሪያ አረፋ ይፈላል። በቱቦው ንጹህ ውሃ ጨምረን አንገጫግጨን ስናፈሰው ቢጫ ውሃ ወጣ፣ የሻገተ ይሸታል። ይህን ሁሉ ለማየት ሲሊንደርም ባለሙያም አላስፈለገንም። የሳሙና ውሃና አንድ ሌሊት በቂ ነበር። ሻጩ ይህን እንድታደርጉ ካልፈቀደላችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ጃኬቱ ጠላቂውን ወደ ታች የሚያወርደው የእርሳስ ክብደት የሚገባባቸው ተነቃይ ኪሶች አሉት፤ እነሱ ግን አብረው አልተሸጡም። «የትም ታገኛቸዋለህ» ተባለ። አይገኙም። የአንዱ አምራች ኪስ ለሌላው አይሆንም፣ ሞዴሉ ካረጀ ደግሞ መለዋወጫው ከገበያ ይጠፋል። የቱቦው መሰኪያም በአንዳንድ ጃኬቶች የራሱ ዓይነት ስለሆነ ከሌላ ቱቦ ጋር አይገጥምም። ቫልቩን ቢያስጠግነውስ? ጎንደር ውስጥ የት? በማስቲሽ ለጥፈውት ባህር የሚገባበት ዕቃ አይደለም።

መጠኑም ኤክስ ኤል ነው። ልጁ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ቢያጠብቀውም ጃኬቱ ይዞርበታል። «ሰፊ ይሻላል፣ ለወንድምህም ይሆናል» ነው ያለው ሻጩ። ሰፊ ጃኬት ውሃ ላይ ሲነፋ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ሰውነት ከስሩ ይንሸራተታል፣ ሲሊንደሩም ጀርባ ላይ ይወላገዳል። ልክ የሆነ ጃኬት ሙሉ በሙሉ ተነፍቶም ደረት አይጨቁንም፤ ትከሻውን ይዘው ሽቅብ ሲስቡት ደግሞ ከሰውነት አይሸሽም። ሲለካ ከስር የሚለበሰው የውሃ ልብስ መኖር አለበት። ይህን ደግሞ በፎቶ ማወቅ አይቻልም።

በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ሻጩ ልጁን «እስከዚያው ጎርጎራ ሄደህ ጣና ላይ ተለማመድበት» ብሎታል። ያለ አስተማሪ! ጣና ከባህር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ከ300 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ መጥለቅ የራሱ ስሌትና የራሱ ስልጠና አለው፣ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው፣ ለባህር የተሰራው ሰንጠረዥ እንዳለ አይሰራም። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ጉማሬም አለበት። (የጅቡቲው ነገርም እግረ መንገዴን፦ ከጠለቁ በኋላ ቶሎ ወደ ከፍታ መውጣት አደገኛ ስለሆነ፣ ለቀናት ጠልቃችሁ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትቆዩ አትብረሩ። ጎንደር ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ በመኪናም ቢሆን ያው ነው።)

ለቤተሰቦች ደግሞ ያንኑ ጃኬት «የሚነፋ ላይፍ ጃኬት» እያለ ይሸጣል። ጎርጎራ ላይ ሪዞርቱ ከተሰራ ወዲህ በቆላድባ በኩል የሚወርደው ሰው ብዙ ነው፤ ልጆች ይዞ ጀልባ የሚሳፈር አለ፣ ጥንቃቄ ፈልጎም ነው የሚገዛው። እባካችሁ ይህን ስሙኝ። የዳይቪንግ ጃኬት ላይፍ ጃኬት አይደለም። ኢኤን 1809 የተባለው የአውሮፓ መስፈርት ራሱ ይህን ይለያል፤ ጃኬቱ የለበሰውን ሰው ፊት ከውሃ በላይ ለመያዝ ዋስትና አይሰጥም። አየሩ ጀርባ ላይ ብቻ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ ጭራሽ ወደ ፊት ይገፋል። ራሱን የሳተ ሰው ወይም መዋኘት የማይችል ልጅ በአፍጢሙ ሊተኛ ይችላል። ደግሞስ ያለ ሲሊንደር ማን ነው የሚነፋው? ጀልባ ሲገለበጥ ልጅ ቱቦ ፈልጎ በአፉ ይነፋል?

ለጀልባ የሚሆነው ሌላ ዕቃ ነው። በአይኤስኦ 12402 ዓለም አቀፍ መስፈርት የተሰራ፣ መለያው ላይ 100 ኒውተን ወይም 150 ኒውተን (የማንሳፈፍ አቅሙ መለኪያ ነው) የሚል ፈልጉ። ሰውን በጀርባው እንዲገለብጡ የተሰሩት እነዚህ ናቸው። 50 የሚለው ዋና ለሚችልና ከዳር ለማይርቅ ሰው ነው። ለልጅ ከሆነ መለያው ላይ የተጻፈውን ኪሎ ከልጃችሁ ኪሎ ጋር አስተያዩ፣ በእግር መሀል የሚያልፍ ማሰሪያም ይኑረው፤ አለበለዚያ በጭንቅላቱ ሾልኮ ይወጣል። ፎርጅድም ስላለ መለያ ብቻ አይተማመኑበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱርክ ኢዝሚር ላይ ፖሊስ ከ1,000 በላይ የውሸት ላይፍ ጃኬት ይዞ ነበር፤ ውስጣቸው የማያንሳፍፍ የዕቃ ማሸጊያ ነው የተሞላው። የገዛችሁትን መጀመሪያ ራሳችሁ ለብሳችሁ ዳር ላይ፣ እግር በሚደርስበት ውሃ ሞክሩት።

ዳይቪንግ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ መጀመሪያ ኮርሱን ጨርሱ። ገንዘብ ካላችሁ ፊታችሁ ላይ ልክ የሚገጥም የዳይቪንግ መነጽር ግዙ፣ እሱ ይጠቅማችኋል። ጃኬት እየተከራያችሁ የተለያየውን ሞክሩ፤ ዙሪያውን የሚያቅፈው ይመቻችኋል ወይስ የጀርባው፣ ክብደቱ ጃኬቱ ላይ ይሁን ወይስ ቀበቶ ላይ፣ እነዚህን ውሃ ውስጥ ሳይገቡ መወሰን አይቻልም። ያኔም አሮጌ ከገዛችሁ አገልግሎት ተደርጎለት የሚያውቅ መሆኑን በወረቀት ጠይቁ።

ልጁ ገንዘቡን ጠይቆ «የተሸጠ አይመለስም» ተብሏል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ደረሰኝ ሳይኖር ግን ማስረዳቱ ፈተና ነው። የቴሌግራም ንግግሩንና የባንክ ዝውውሩን ይዞ ንግድ ቢሮ ሊያመለክት ነው። እናንተም የከፈላችሁ ካላችሁ ያንኑ አስቀምጡ፣ ምንም አታጥፉ። ቀብድ ብቻ ከሆነ የሰጣችሁት ቀሪውን አትክፈሉ፤ ጃኬቱን ይዛችሁ ኑና በሳሙና ውሃ አብረን እናየዋለን፣ አንድም ብር አልጠይቅም።